ከእግርና ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ጥገና በኋላ የሚቀር የነርቭ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ እርጥብ ደረጃ አዳልጦኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ብረትና ብሎን ገባልኝ፤ አጥንቱም በደንብ ገጠመ። ነርቩ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልታረቀኝም። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱ «እንዳንቺ የሆነ ሰው አለ፣ እስቲ አናግሪው» እያለ ስልኬን ይሰጣል። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ጽፌዋለሁ። የመድኃኒቱን ጉዳይ ከሐኪሞቼና ከፊዚዮቴራፒስቴ የሰማሁት ነው፤ ለእናንተ የሚስማማውን የሚወስነው እናንተን ያየ ሐኪም ነው።

ሕመሜ የነርቭ መሆኑን በምን ልወቅ?

ከአፋችሁ በሚወጣው ቃል። አጥንትና ጡንቻ ሲያመን «ይጠዘጥዘኛል፣ ይከብደኛል፣ ስረግጥ ያመኛል» እንላለን። ነርቭ ሲሆን ቃሉ ይለወጣል፦ ያቃጥለኛል፣ ኮረንቲ እንደያዘኝ ያደርገኛል፣ በመርፌ ይወጋኛል፣ ጉንዳን ይሄድብኛል። ከዚህ ሁሉ ሰውን ግራ የሚያጋባው ደንዝዞም ማመሙ ነው። አክስቴ «አሁን ደንዝዟል አልሽ፣ አሁን ያመኛል አልሽ፣ አንዱን ያዢ እንጂ!» ብላ ተቆጥታኛለች። ሁለቱም እውነት ነው። ቆዳው ንክኪን በደንብ አይሰማም፤ የተጎዳው ነርቭ ግን ማንም ሳይነካው ራሱ ይጮኻል።

ሌላው ምልክት ሊያም የማይገባው ነገር ማመሙ ነው። እኔ ያወቅኩት በጋቢ ነው። ጀሶው በወጣ በሁለተኛው ሌሊት እናቴ ብርድ እንዳይመታኝ ጋቢ ጣል ብታደርግብኝ ጮኽኩ፤ ቤቱ በሙሉ ነቃ። እግሬን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ስይዘው ግን ምንም አልል። ጭብጥ አድርገው ሲይዙት ችሎ ጥጥ ሲነካው የማይችል እግር፣ ችግሩ አጥንቱ ላይ አይደለም።

ለዚያ ሌሊት ያገኘነው መፍትሔ እስካሁን ለሰው የምነግረው ነው። የታሸገ ውሃ የመጣበትን ካርቶን ሁለት ጎኑን ቆርጠን እንደ ዋሻ እግሬ ላይ ደፋነው። ጋቢውና ብርድ ልብሱ ካርቶኑ ላይ ያርፋሉ፤ እግሬ ከሥር ማንም ሳይነካው ያድራል። አራት ወር እንዲያ ተኝቻለሁ።

ኤክስሬዬ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

ኤክስሬ የሚያሳየው አጥንትና ብረት ነው። ነርቭ በኤክስሬ አይታይም። እኔንም አንድ ቦታ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው «አጥንትሽ ገጥሟል፣ ያለብሽ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኝተውኛል። ጭንቀቱስ ነበረብኝ፤ የመጣው ግን ከሕመሙ ኋላ ነው።

ነርቭን ለማየት ሌላ መንገድ አለ። ጥሩ ባለሙያ በአልትራሳውንድ የነርቩን እብጠት ወይም ጠባሳ ውስጥ መያዙን ሊያይ ይችላል። የነርቭ መልእክት ፍጥነት የሚለካ የኤሌክትሪክ ምርመራም አለ፤ እሱ ግን የሚለካው ወፍራሞቹን ክሮች ስለሆነ፣ ማቃጠልን የሚያስተላልፉት ቀጫጭኖቹ ተጎድተው ውጤቱ ደህና ሊባል ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሐኪሙ በተጠረጠረው ነርቭ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ ከተመለሰ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በእስክሪብቶ የሚሠራ ምርመራ አለ፣ ቤታችሁ ሥሩት። የደነዘዘውንና የሚያቃጥለውን ቦታ ድንበር ቆዳችሁ ላይ አስምራችሁ ፎቶ አንሡት። የእግራችን ስሜት በአምስት ነርቮች የተከፋፈለ ነው። ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የሚወርደው ሱራል የእግርን የውጭ ጠርዝ እስከ ትንሿ ጣት ይዟል። ሱፐርፊሻል ፔሮኒያል በፊት በኩል ወርዶ የእግርን የላይ ገጽና አብዛኞቹን ጣቶች ያዳርሳል። ዲፕ ፔሮኒያል ከቆዳው የደረሰው በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለችው ክፍተት ብቻ ናት። ሳፌነስ የውስጠኛው ጎን ነው፤ ቲቢያል ደግሞ የተረከዝና የውስጥ እግር። ያሰመራችሁት ድንበር ከአንዱ ጋር ከገጠመ ሐኪሙ የቱ ነርቭ እንደሆነ ከግማሽ በላይ አውቆታል። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

ሐኪሙ ነርቬን ቆርጦት ነው?

ይሄ ጥያቄ የሚመጣው በንዴት ነው፤ እኔም ተናድጄ ነበር። መቆረጥ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ የተጎዳው በመወጠር፣ በመጨፍለቅ፣ በእብጠት ወይም በኋላ በበቀለ ጠባሳ በመታነቅ ነው። ስብራቱ ራሱ፣ ገና ሆስፒታል ሳትደርሱ፣ ነርቩን ወጥሮት ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከቆዳው በታች ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ነርቮቹም ቀጫጭን ናቸው፤ መንገዳቸውም ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ የውጭኛው ቁርጭምጭሚት ሲከፈት ወይም በካሜራ ሲሠራ ሱፐርፊሻል ፔሮኒያል፣ የተረከዝ አጥንት ወይም ከተረከዝ በላይ ያለው የቋንጃ ጅማት ሲጠገን ሱራል፣ የአውራ ጣት ጉብታ ሲስተካከል ደግሞ በጣቱ ጎን የሚያልፉት ትንንሽ ቅርንጫፎች አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፍሎታል፤ ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራበታል። አንደኛው ነርቩ ተደናግጦ ሥራ ያቆመበት ነው፤ በሳምንታት፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ወር ይመለሳል። ሁለተኛው ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ የቀረበት ነው፤ ሽፋኑን እንደ ቧንቧ ተከትለው እንደገና ያድጋሉ። ሦስተኛው ከነሽፋኑ የተቆረጠ ነው። ይሄኛው ያለ ቀዶ ጥገና አይገጥምም፤ ጫፉ ላይም ኒውሮማ የሚባል የክር ቋጠሮ ሊያበጅ ይችላል፤ ነካ ሲያደርጉት የሚያስጮህ። «ምን ተደረገ?» ከማለት ይልቅ «ከሦስቱ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሐኪሙን መከላከል ውስጥ ያስገባዋል፤ ሁለተኛው ያናግረዋል።

መቼ ይለቀኛል?

ማንም ቀኑን አይነግራችሁም፤ ርቀቱን ግን መለካት ይቻላል። የተበጠሰ ክር የሚያድገው በግምት በቀን አንድ ሚሊሜትር፣ በወር ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጉዳቱ ካለበት እስከ ጣታችሁ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ አምስት ወር፣ ለመነሻ የሚባክኑት ሳምንታት ደግሞ ከዚያ በላይ። አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ዓመት ተኩል ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ደግሞ ይዘገይበታል።

እድገቱን በጣት ጫፍ መከታተል ትችላላችሁ። ፈረንሳዊው ዡል ቲኔል በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም የጻፈው ዘዴ ነው። ከጠባሳው ጀምራችሁ ወደ ጣት በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ቆርቆር አድርጉ። የሆነ ቦታ ላይ ኮረንቲው ወደ ጣቶቻችሁ ፈንጠር ይላል። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ ከቁርጭምጭሚቱ ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ደብተር ላይ ጻፉ። በወር አንዴ ይበቃል፤ በየቀኑ ከቆረቆራችሁት ያሳብዳችኋል። የእኔ ነጥብ መጀመሪያ ወር ቆማ ቀረች፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በሁለተኛው ወር ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ሄደች። ያን ቀን ለእናቴ ደብተሩን አሳይቼ አለቀስኩ፤ እሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

ነርቩ በሚድንበት ጊዜ ኮረንቲውና ማሳከኩ ሊብስ እንደሚችልም ዕወቁ፤ የደነዘዘ ቦታ ሲነቃ ዝም ብሎ አይነቃም። ነጥቧ ግን በሦስትና በአራት ወር ንቅንቅ ካላለች፣ ወይም እግራችሁን ወደ ላይ ማንሣት አቅቷችሁ ጣታችሁ መሬት እየነካ ከሆነ፣ የነርቭ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። ዓመት መጠበቅ የለባችሁም፤ የተቆረጠ ነርቭ ሲቆይ ዕድሉ ይቀንሳል።

ዳይክሎፌናክም ትራማዶልም ወሰድኩ፤ አልተወኝም። ለምን?

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን እብጠትና ቁጣን ያበርዳሉ፤ በራሱ የሚጮህን ነርቭ ብዙም አያረጋጉም። ትራማዶል ጥቂት ይረዳል፤ ግን ይለመዳል።

ለነርቭ ሕመም በቅድሚያ የሚታዘዙት መጀመሪያ ለሌላ በሽታ የመጡ መድኃኒቶች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነበር፤ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚጥል በሽታ፤ ዱሎክሴቲንም የድብርት። አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝልኝ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቤ «አሁንም እብድ ናት ብለው ነው» ብዬ ሦስት ቀን ሳልወስደው ቀረሁ። መጠኑን ብጠይቅ ኖሮ ይገባኝ ነበር፦ ለነርቭ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም፣ ማታ ነው፤ ለድብርት የሚሰጠው ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ እንደ ራስ ምታት ክኒን በግማሽ ሰዓት አይሠሩም፤ መጠኑ ቀስ እያለ ጨምሮ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የሚጥል ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም። ሁለተኛ፣ ሕመሙን ያሳንሱታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያጠፉትም። ከአሥር ስምንት የነበረው አራት ሆኖ እንቅልፍ ከመጣ ተሳክቷል። ሦስተኛ፣ ቀልድ አይወዱም። ያደነዝዛሉ፤ ከአረቄም ከጠላም ጋር አይሄዱም፤ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን በድንገት አይቆሙም፤ ኩላሊቱን የታመመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። የልብ ሕመም፣ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ትራማዶልን ከአሚትሪፕቲሊን ወይም ከዱሎክሴቲን ጋር በራሳችሁ አትቀላቅሉ። ጎረቤት የተረፋትን ክኒን ስታካፍላችሁ በፍቅር ነው፤ አመስግናችሁ መልሱላት።

ቢ ቪታሚን መርፌስ?

እጥረት ካለባችሁ ይጠቅማል። ለረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ቢመረመር ጥሩ ነው። እጥረት የሌለበት ሰው ግን በየፋርማሲው እየገዛ ቢደጋግመው ትርፉ ወጪ ነው። ቢ6 ደግሞ ከመጠን በላይ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ወጌሻ ቢያሸኝስ? በጨው ውሃ ብዘፈዝፈውስ?

ወጌሻን አልንቅም፤ ስንት ውልቃት መልሰዋል። ብረት የገባበትና ነርቩ የተቆጣ እግር ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። እኔ በሰው ግፊት አንዴ ሄጃለሁ። በቅቤ አሽተው «ደም ቋጥሯል» ያሉት ቋጠሮ ጠባሳው ውስጥ የተያዘው ነርቬ ነበር፤ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አሳጣኝ። ጠባሳ መታሸቱ ራሱ ስሕተት አይደለም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ በቫዝሊን፣ በራሳችሁ ጣት፣ ቆዳው ከሥሩ ካለው እንዲላቀቅ ያህል ብቻ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ።

ሙቅ ውሃ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለብዙዎች ይመቻል። አደጋው የደነዘዘ እግር ሙቀት አለመለየቱ ነው። ውሃውን በክንዳችሁ ለኩት እንጂ በታመመው እግር አትለኩ፤ ከሰል ዳርም አታስጠጉት። ስኳር ያለበት ሰው ይሄን ሁለት ጊዜ ያንብበው።

እንዳይነካብኝ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ልክ ነኝ?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሺ። ከዚያ በኋላ ግን አይደለም፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የማይነካ እግር ይበልጥ ይሸሻል፤ አንጎልም በዚያ በኩል የሚመጣውን ንክኪ ሁሉ እንደ ጥቃት መቁጠር ይለምዳል። ፊዚዮቴራፒስቴ የሰጠችኝ የቤት ሥራ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ የነጠላ ጫፍ፣ ቀጥሎ ጥጥ፣ ቀጥሎ ካልሲ፣ ቀጥሎ ፎጣ፣ መጨረሻ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ምስር አፍስሶ እግርን መክተት። እያንዳንዱን ለአምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከደህናው ቆዳ ጀምሮ ወደሚያመው እየተጠጉ። ሲያደርጉት ደስ አይልም፤ ከጨረሱ በኋላ ግን ሕመሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ሌሊቱን በሙሉ ካቃጠለ አብዝታችኋል፤ ወደ ቀደመው ጨርቅ ተመለሱ። ከነጠላ ወደ ምስር ለመድረስ ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ምስሩን በኋላ ወጥ ሠርተንበታል ብዬ እህቴን አስጨንቄያታለሁ፤ አልሠራንበትም።

መራመዱም እንዲሁ ነው። ደህና በሆናችሁበት ቀን ሥራውን ሁሉ ጨርሳችሁ በማግስቱ ከምትወድቁ፣ በየቀኑ ያቺኑ ትንሽ መንገድ ሂዱ።

ቤተ ክርስቲያን መቆም፣ ሶላት መስገድ አልቻልኩም። ጫማስ?

ቅዳሴ ላይ በባዶ እግር ቀዝቃዛ ወለል ላይ መቆም የተቆጣ ነርቭን ያናድደዋል። ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉ፤ መቋሚያውን ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጃችሁ ያዙ፤ ሲደክማችሁ ተቀመጡ። ሶላት ላይ እግርን አጥፎ መቀመጥ ቁርጭምጭሚቱን ስለሚወጥረው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው።

ጫማ ስትገዙ አፉ ሰፊ፣ ምላሱ ለስላሳ፣ ማሰሪያው የሚላላ ምረጡ። የእግሩ ላይ ካመማችሁ፣ ክሩን በሚያመው ቦታ በኩል ሳታሻግሩ ዝለሉት። ይሄ ዘዴ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከገዛኋቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል።

እግሬ ቀለሙ ይለዋወጣል፣ አንዴ ይግላል አንዴ ይበርዳል። ይሄም ነርቭ ነው?

ይሄን ችላ አትበሉ። ሕመሙ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ ከአንድ ነርቭ ድንበር አልፎ እግሩን በሙሉ ካዳረሰ፣ እግሩ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ከቀላ፣ ከሌላኛው ይልቅ ካላበው፣ ፀጉሩና ጥፍሩ አበቃቀሉን ከለወጠ ሲአርፒኤስ (ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ውስብስብ የሕመም ዓይነት) የሚባለው ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሐኪሙ ሳይላስ ዊር ሚቸል ይሄን መሰል ሕመም የያዛቸው ወታደሮች መፋተጉን ለመቀነስ ጫማቸው ውስጥ ውሃ ያፈሱ እንደነበር ጽፏል። የደም ወይም የኤክስሬ ምርመራ ብቻውን አይለየውም፤ ሐኪም በዓይኑና በእጁ ነው የሚለየው። ቶሎ ከተያዘ የተሻለ ነው፤ ዋናው ሕክምናም እግሩን በባለሙያ እየተረዱ ማንቀሳቀስ ነው። ዳግም ጀሶ ማሰር ወይም አልጋ ላይ መክረም ያባብሰዋል።

ብረቱ ቢወጣ ይሻለኛል?

ሕመሙ ብረቱ ላይ ሲጫኑት ብቻ ከሆነ ምናልባት። ከብረቱ ርቆ ጣት ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ብረት ማውጣት አያድነውም፤ በዚያው ጠባሳ እንደገና መግባት ደግሞ ነርቩን ለሁለተኛ ጊዜ አደጋ ላይ ይጥላል።

መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሮጥ ያለብኝ?

ጀሶ ታስሮ ጣቶች ሰማያዊ ከሆኑ ወይም ከነጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም በማስታገሻ የማይበርድ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ፣ በዚያችው ሰዓት። ባት ካበጠና ካመመ፣ በተለይም ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን። ቁስሉ መግል ካመጣ፣ ከቀላ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን።

ውጭ አገር ነው ያለሁት፤ እንዴት ላስረዳቸው?

«ፔይን» ብቻ ካላችሁ ኢቡፕሮፌን ተሰጥቷችሁ ትመለሳላችሁ። «በርኒንግ» (ያቃጥላል)፣ «ኤሌክትሪክ ሾክ» (እንደ ኮረንቲ)፣ «ነም» (ደንዝዟል) የሚሉትን ሦስት ቃላት ያዙ፤ ያሰመራችሁትን ፎቶም አሳዩ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ልጅ እናቱ «ያቃጥለኛል» ስትል ሰምቶ «ትንሽ ያማታል» ይላል።

አንቺስ አሁን እንዴት ነሽ?

ነጥቧ ከጣቶቼ ሥር ሁለት ጣት ሲቀራት ቆማለች፤ ከዓመት ወዲህ አልተነቃነቀችም። መድኃኒቱን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ቀንሼ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሦስቱ ጣቶቼ ጫፋቸው ደንዝዟል፤ ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ያቃጥለኛል። ካርቶኑን ጥለነዋል። ካልሲዬን ግን አሁንም ገልብጬ ነው የማደርገው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ።